የተሸፈነ ጥርስ ለምን ያማል? ሐኪሙስ መቼ ይጠረጠራል?

ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ አባያና ጫሞ ሐይቆች ወደ ተኙበት ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ጉንጩን በነጠላ ጠቅልሎ በዚህ መንገድ ቁልቁል የሚጓዝ ሰው ማየት አዲስ አይደለም። ከቦንኬ፣ ከካምባና ከምዕራብ አባያም የጥርስ ሕመም ሰውን እየነዳ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ወይም ሴቻ ያደርሰዋል። አንዱ ሊያስነቅል ይመጣል፣ ሌላው ሊያስሞላ። አቅም ያለው ደግሞ ተቦርቡሮ ግማሹ የቀረውን ጥርሱን ክራውን የሚባለውን ሽፋን ያስለብሳል፤ ከእንግዲህ ያ ጥርስ አያሳስበኝም ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሕመሙ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚከብደው። ገንዘብ ወጥቷል፣ ማደንዘዣ ተወግቷል፣ ጥርሱ ተሞርዷል፣ ብዙ ቀጠሮም ተመላልሶበታል። ሆኖም ቆሎ ሲቆረጠምበት ይጠዘጥዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይነዝራል፣ አንዳንዱንም ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ታማሚው ያን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ “ይኼ ሐኪም ጥርሴን አበላሸው” ብሎ ዳግመኛ ደጁን ላይረግጥ ይምላል፤ ወይ “ይለመዳል” ብሎ በሌላው ጎኑ እያኘከ ወራት ይገፋል። የመጀመሪያው ቂም ይዞ ሕመሙን ከማያውቅለት ሰው ወደ ሌላ የማያውቅለት ሰው ይዞራል፤ ሁለተኛው በአንድ ቀን ሊስተካከል የሚችለውን ነገር ሥር እስኪሰድ ያቆየዋል።

የዚህ ንግግር ሐሳብ አንድ ነው። ክራውን ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ሕመም በራሱ የሐኪሙን ጥፋት አያረጋግጥም፤ በጥሩ እጅ የተሠራ ክራውንም ሊያም ይችላል። ሐኪሙ የሚመዘነው ታካሚው ተመልሶ “አመመኝ” ሲለው በሚያደርገው ነገር ነው። ይሰማል ወይ? ይመረምራል ወይ? ያደረገውን በመዝገብና በራጅ ያሳያል ወይ? ይህን ለመመዘን ደግሞ ታካሚው ከሽፋኑ በታች ምን እንዳለ በመጠኑ ማወቅ አለበት።

ከሽፋኑ በታች

ክራውን በተጎዳ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቅ፣ በሲሚንቶ የሚጣበቅ ሽፋን ነው። ከብረት ይሠራል፣ ከፖርሴሊን ይሠራል፣ ወይም ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ፖርሴሊን ይለብሳል። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዚርኮኒያ የሚባለው ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ ገብቷል። ሙያው ረጅም ታሪክ አለው። በጣሊያን ምድር የኖሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ግድም ጥርስን በወርቅ ጥፍጥፍ ያስሩ ነበር። የዲትሮይቱ ሐኪም ቻርልስ ላንድ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ከፖርሴሊን የተሠራ የጥርስ ሽፋን አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልያም ታጋርት ቅርጹን በሰም አበጅቶ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ በቦታው ወርቅ የሚፈስበትን ዘዴ ለጥርስ ሐኪሞች አቀረበ። ሽፋን በልክ እንዲገጥም በር የከፈተው ይህ ዘዴ ነው።

ሽፋኑ እንዲጠልቅ ግን ጥርሱ ዙሪያውን መሞረድ አለበት። ዳንኤል ኤደልሆፍና ጆን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ የፊት ጥርስ ሙሉ ክራውን ሲሠራለት ከድድ በላይ ካለው አካሉ በክብደት ከ63 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው እንደሚወገድ ለክተዋል። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም። ክራውን ለማድረግ የሚሰጠው ፈቃድ ለዕድሜ ልክ የሚሰጥ ፈቃድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጥርሱ ውጫዊ ንጣፍ ኢናሜል ይባላል፤ በሰውነት ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ነው፤ ቱቦዎቹ ሰው “ነርቭ” ብሎ ወደሚጠራው፣ የደም ሥሮችም ወዳሉበት ለስላሳ እምብርት ያደርሳሉ። ጥርሱ ሲሞረድ ቱቦዎቹ ይከፈታሉ፤ የመሞረጃው ሙቀትም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዛክና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 በጦጣ ጥርሶች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የነርቩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲጨምር 15 በመቶ የሚሆኑት ጥርሶች ሳያገግሙ ቀርተዋል። መሞረጃው በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ ውሃ መርጨት ያለበት ስለዚህ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰውም ውሃው በአፉ መሙላቱን፣ መምጠጫውም መሳቡን ያውቃል፤ ጥርስ በደረቁ ሲሞረድ፣ የመቃጠል ሽታም ሲመጣ፣ እጁን አንሥቶ የማስቆም መብት አለው።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ነርቩ የማይተርፍበት ጊዜ አለ። በሆንግ ኮንግ ቼንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ ነርቩ ሕያው ሆኖ ብረትና ፖርሴሊን ክራውን ከለበሱት ጥርሶች መካከል ከአሥር ዓመት በኋላ ነርቩ በሕይወት የቆየው በ84.4 በመቶዎቹ ነበር። ከስድስት ወይም ከሰባት ጥርስ አንዱ ነርቩን አጥቷል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮት የገባ ታካሚ ሕመም ሲመጣበት “ተታለልኩ” አይልም። ያልተነገረው ግን ይላል፤ ቢልም አይፈረድበትም።

ሕመሙ የሚናገረው

ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መቼ እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚነሣ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚናገር ታካሚ ለሐኪሙ ግማሹን መንገድ ያቀልለታል።

በጣም የተለመደውና በቀላሉ የሚፈታው ክራውኑ በጥቂቱ ከፍ ማለቱ ነው። የሰው ጥርስ በሁለት መንጋጋ መካከል የገባን ከፀጉር የቀጠነ ነገር እንኳ ለይቶ ያውቃል። ሽፋኑ ከሌሎቹ ጥርሶች ቀድሞ የሚገናኝ ከሆነ የማኘክ ኃይል ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ሥሩን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ጅማቶችም ይታመማሉ። እንዲህ ያለው ታካሚ ሲመለስ “ዶክተር፣ እህል ሳኝክበት ብቻ ነው የሚያመኝ፤ ቀዝቃዛ ምንም አይለኝም፤ ሌሊትም ደህና አድራለሁ” ይላል። ሐኪሙ ጥርሱን በጥጥ ያደርቃል። በመቆንጠጫ የያዘውን ስስ ባለቀለም ወረቀት በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ያስገባና “ግጠም፤ ግራና ቀኝ አፋጭ” ይለዋል። ወረቀቱ ሲወጣ ክራውኑ ላይ ከሌሎቹ የጠቆረ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይታያል። ነጠብጣቡ ብቻ በደቃቅ ድንጋይ ይሞረዳል፣ እንደገና ወረቀት ይገባል፣ እንደገና ይሞረዳል፤ ቀለሙ በሁሉም ጥርስ ላይ እኩል እስኪያርፍ። በመጨረሻ የተሞረደው ቦታ ይወለወላል። ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልግም። አንዳንዱ ታማሚ ወራት ሲሠቃይ የኖረበት ነገር ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲገጠምለት መንጋጋው ደንዝዞ ስለነበር ከፍታውን ሊያውቀው አልቻለም፤ ማደንዘዣው ሲለቅቀው ቤቱ ደርሷል።

ቀዝቃዛ ሲነካው ነዝሮ ወዲያው የሚተው ሕመም የተቆጣ ነርቭ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል። ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላም የሚቆይ፣ ትኩስ ቡና የሚያስነሣው፣ ምንም ሳይነካው የሚጠዘጥዝ፣ በተለይም ሲተኙ ተነሥቶ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ግን ሌላ ነው። ነርቩ ከእንግዲህ አያገግምም ማለት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም የሥር ሕክምና ነው። የተጎዳው ነርቭ ይወጣል፣ የሥሩ ቦይ ይጸዳል፣ ይሞላል፣ ይታሸጋል። ለዚህ ክራውኑን ሁልጊዜ መስበር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ በራሱ በክራውኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ይሠራል፣ ቀዳዳውም ኋላ ይደፈናል።

ድዱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሲቦርሹት የሚደማ ከሆነ ነገሩ ጠርዙ ላይ ነው። ክራውኑ ሲጣበቅ የተረፈ ሲሚንቶ ከድድ ሥር ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሽፋኑ ጠርዝ ከጥርሱ ጋር ሳይገጥም ደረጃ ሠርቶ ይሆናል። በክራውኑና በጎረቤቱ ጥርስ መካከል ክፍተት ሲቀር ደግሞ ሥጋና ቆጮ እየተሰነቀረ በየማዕዱ ስንጥር ያስፈልጋል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ እዚያ የሚከማቸው ምግብ ድዱንም አጥንቱንም ይበላል፣ ከሽፋኑ ጠርዝ ሥርም አዲስ መቦርቦር ያስጀምራል።

ሲነክሱ ሳይሆን ንክሻውን ሲለቁ ብልጭ የሚል ሕመም የተሰነጠቀ ጥርስን ያስጠረጥራል። የደጋው ገብስ ቆሎ ለጤና የሚስማማ ምግብ ቢሆንም፣ በመካከሉ የተደበቀች ጠጠር ጥርስንም ፖርሴሊንንም ትሰነጥቃለች። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ ጥርሱን ማዳን አይቻልም፤ ያን ጊዜ “ይነቀል” የሚል ሐኪም ጥርሱን ለማዳን አልደከመም ማለት ስሕተት ነው።

ነርቩ ቀድሞ የወጣለት ጥርስም ያማል። “ነርቩ ሞቷል፣ እንዴት ያማል?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የሚያመው ሥሩን የከበበው አጥንትና ጅማት ነው። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሦስት ሥር ቢኖረውም ቦዮቹ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው፤ አራተኛው እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። በውስጡ የቀረው ተሕዋስ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጥራል። ይህ በራጅ ይታያል።

ሕመሙ ከጥርሱ ላይመነጭም ይችላል። የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ሳይነስ ከሚባለው፣ በአፍንጫ ጎን ካለው የአየር ክፍተት ጋር ጎረቤት ስለሆነ ሳይነሱ ሲቆጣ ጥርስ ያመመ ይመስላል። ፊት ላይ በሚዘረጋው ነርቭ ላይ የሚነሣ፣ ፊት ሲታጠቡ ወይም ነፋስ ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ የሚመታ ሕመም አለ፤ ስለ እርሱ ደህና ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ያስነቀሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሲራመዱ ወይም ሲደክሙ በታችኛው መንጋጋ የሚሰማ፣ ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ያስኬዳል።

ለነገ የማይባል አንድ ነገር አለ። ፊት ወይም የመንጋጋ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ ተራ መጠበቅ የለም። የጀርመኑ ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው፣ ብዙ ጊዜ ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተነሥቶ ከምላስ ሥር የሚዛመት ኢንፌክሽን የመተንፈሻን መንገድ ዘግቶ ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው በሌሊትም ቢሆን ወደ አርባ ምንጭ አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም በቅርቡ ወዳለ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስስ? ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፊን የጥርስ ሕመምን በደንብ ያስታግሣሉ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት ግን አይቡፕሮፊንን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባቸውም። ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ለድድ ይጠቅማል። አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግ ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ ሕመሙን አያስታግሥም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው አሞክሳሲሊን ደግሞ ለተቆጣ ነርቭ ምንም አይሠራም፤ መድኃኒቱ ተሕዋስ ይገድል ይሆናል እንጂ በጥርሱ ውስጥ ታፍኖ ያለውን የነርቭ ቁጣ አይፈታም። እብጠትና ትኩሳት ሲኖር ሐኪሙ ሊያዝዘው ይችላል፤ ያን ጊዜም የሕመሙን ምንጭ ማጽዳት አይቀርም።

የጥርጣሬ ልክ

ጥርጣሬ ኃጢአት አይደለም። ልኩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ በሁለት ምሳሌ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሻቶ ሺኖን የተባለች የፈረንሳይ የገጠር ከተማ ማርክ ቫን ኒሮፕ የተባለ የኔዘርላንድ ጥርስ ሐኪም በደስታ ተቀበለች። አካባቢው ሐኪም የራቀው ነበር፤ የሚያማርጥበት ሌላ በር አልነበረውም። ሰውየው ደህና ጥርሶችን ነቀለ፣ ድድና መንጋጋ አበላሸ። ታካሚዎቹ ለየብቻቸው ሲያዝኑ ሰሚ አላገኙም፤ ተሰባስበው ማኅበር አቋቁመው ታሪካቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ግን ነገሩ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ፍርድ ቤት ስምንት ዓመት እስራት ፈረደበት።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀጥታ ስለ ክራውን ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ስኮት ቻርሞሊ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ዓመቱን ሙሉ 434 ክራውን ሠርቶ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ከ1,000 አለፈ። የታካሚዎቹን ጥርስ ሆነ ብሎ በመሞረጃ ይሰብር፣ የተሰበረውን በራጅ ያነሣ፣ ራጁንም ለመድን ድርጅት እየላከ ያስከፍል ነበር። የተጋለጠው በ2019 ክሊኒኩን ሲሸጥ፣ የገዛው ባለሙያ መዝገቦቹን አገላብጦ ነው። በ2022 የ54 ወር እስራት ተፈረደበት። ታካሚዎቹ ስለማያውቁት ተንኮል የመሰከረው መዝገቡና ራጁ ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በሙያው ውስጥ ጥቂቶች ናቸው። ለአርባ ምንጭ ሰው የሚጠቅመው ሐኪሙን በነዚህ ዓይን ማየት ሳይሆን፣ ከነዚህ ታሪኮች መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መውሰድ ነው። ከራሱ ሥራ ላይ ሊያያቸው የሚችላቸው ምልክቶችም አሉ። ከመሞረዱ በፊት ራጅ ያልተነሣለት ጥርስ፤ ስለ ሌላ አማራጭ፣ ለምሳሌ ስለ ሙሌት፣ አንዲት ቃል ያልተነገረበት ውሳኔ፤ በአንድ ቀን ብዙ የማያም ጥርስ “ይሸፈን” መባሉ፤ ዋጋው ከሥራው በኋላ መቀየሩ፤ ዕቃው ከታሸገ ከረጢት ሳይሆን ከክፍት ሳህን መነሣቱ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል። መሣሪያ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ በእንፋሎት ካልተቀቀለ ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ በሽታ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። “ዕቃው የተቀቀለ ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ከረጢቱን ታካሚው ፊት ይቀድዳል።

በሌላ በኩል ጥፋት የሚመስሉ፣ ግን ጥፋት ያልሆኑ ነገሮች አሉ። የጥቂት ቀን ንዝረት ጥፋት አይደለም። ክራውኑን ለማስተካከል ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስም ጥፋት አይደለም። “ነርቩን አሁን ባላወጣው፣ ይተርፍ እንደሆነ እንየው” ያለ ሐኪም በኋላ የሥር ሕክምና ቢያስፈልግ የተሳሳተ አይደለም፤ ጥርሱን በሕይወት ሊያቆየው ሞክሯል። የባለሙያው ቁጥር ማነስም መታሰብ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ ውስጥ በሽታ አለበት፤ በአፍሪካ ያለው የጥርስ ሐኪም ብዛት ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ወረፋውም ጥድፊያውም ከዚህ ይመጣል። ይህ ግን ራጅ ላለማንሣትና ላለማስረዳት ምክንያት አይሆንም።

በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በሸለቆው ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ያለፈ ፍሎራይድ አለው። በልጅነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ለውበት ብሎ፣ የማያምና ያልተቦረቦረ ጥርሱን ሞርዶ ክራውን ለማልበስ የሚፈልግ ወጣት ጥቂት አይደለም። ማንጻትን፣ ላዩን በስሱ መፋቅን፣ ወይም ጥርሱን ሳይሞርዱ የሙሌት ቁስ ማልበስን የመሰሉ አማራጮች ስላሉ፣ ሐኪሙ እነሱን አስቀድሞ ማቅረብ ይገባዋል። የሃያ ዓመት ልጅ ስድስት ደህና የፊት ጥርሱን አስሞርዶ ከነዚያ አንዱ ወይም ሁለቱ ነርቫቸው ቢሞት ቡናማነቱ የተሻለ ነበር።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2639 የሕክምናን ውል ሲተረጉም፣ ሐኪሙ የታካሚውን ጤና ለመጠበቅ ወይም ለማዳን የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ የሚገባው ግዴታ አድርጎታል። በቁጥር 2031 ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበት ይደነግጋል። ከሁለቱ የሚገኘው ሚዛን ግልጽ ነው፦ ጥርሱ ባለመዳኑ ብቻ ሐኪም አይጠየቅም፤ የሙያውን ደንብ ከጣሰ ግን ይጠየቃል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ ሊደረግለት ስላለው ነገር ተረድቶ ፈቃዱን እንዲሰጥ ይጠይቃል። የባለሙያዎችን የሥነ ምግባር ቅሬታ የሚመረምር ኮሚቴም በዚሁ ማዕቀፍ ተቀምጧል።

ወጪው የራስ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። በሙዝና በማንጎ ሽያጭ ወይም በዶርዜ ሽመና የሚተዳደር ቤተሰብ ለአንድ ክራውን የሚከፍለው ገንዘብ ከሌላ ነገር ላይ የተቀነሰ ነው። ስለዚህም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር፣ ክራውኑ ቢወልቅ ወይም ቢሰነጠቅ በስንት ጊዜ ውስጥ ያለ ክፍያ እንደሚታይ፣ ከምን እንደተሠራም ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ተገቢ ነው። የብረቱ ዓይነት መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው፦ በአንዳንድ ክራውን ውስጥ ያለው ኒኬል፣ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ሲያደርጉ ጆሯቸው የሚቆስል ሰዎችን ሊያስቆጣ ይችላል።

ተመልሶ መሄድ

በጋሞ ምድር የተጣላ ሰው ቅሬታውን ይዞ ዱቡሻ ይወጣል። በዚያ አደባባይ ሁለቱም ወገን ይናገራል፣ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፣ የሆነው ነገር ከሐሜት ተለይቶ ይወጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀልን ሲያስቀሩ አገር ሁሉ ያየው ይህንኑ ባህል ነው። በፊት ለፊት መነጋገርን እንዲህ የሚያውቅ ሕዝብ ከሐኪሙ ጋር ሲሆን ዝም ማለቱ አሳዛኝ ነው። ነጭ ጋውን ሲያዩ አንገት መድፋት፣ ቤት ሲደርሱ ማማት፣ ሐኪሙንም ታካሚውንም ይጎዳል፤ ያልተነገረው ሐኪም ክራውኑ ደህና የተቀመጠ ይመስለዋል፣ በሚቀጥለውም ሰው ላይ ያንኑ ይሠራል።

ተመልሶ የሚሄድ ሰው ሕመሙን በሁለት ሦስት ቀን ማስታወሻ ይዞ ቢሄድ ይረዳል፦ በምን ይነሣል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል ወይስ አይቀሰቅስም፣ ምን መድኃኒት ተወሰደ። በምርመራው ላይ የሚጠብቃቸው ነገሮችም የታወቁ ናቸው። ባለቀለሙ ወረቀት፤ ቀዝቃዛ ጥጥ በክራውኑ ጠርዝና በጎረቤት ጥርሶች ላይ፤ በመስታወቱ እጀታ ቀስ ብሎ መኳኳት፤ አንድ በአንድ ማስነከስ፤ ድዱን ዙሪያውን በመለኪያ መለካት፤ በመጨረሻም ራጅ። የጀርመኑ ኦቶ ቫልክሆፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1896 የራሱን ጥርሶች ራጅ ሲያነሣ 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዛሬ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል፤ ጨረሩም እጅግ ጥቂት ነው። ሳይመረመር፣ ራጅ ሳይነሣ፣ “ምንም የለም፤ ይለመዳል” ብቻ ተብሎ የተሸኘ ታካሚ ያን ጊዜ ሌላ ሐኪም ቢያማክር አይወቀስም።

ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ስም ለማጥፋት አይሂድ፤ ጥርሱን ለማሳየት ይሂድ። “ማን ነው የሠራው? አበላሽቶታል” ብሎ የሚጀምር፣ ራጁን ሳያይም “ሁሉም ይውጣና እንደገና ይሠራ” የሚል ሐኪም ካጋጠመም ጥርጣሬው ወደ እሱ መዞር አለበት። ጥሩው ሁለተኛ ሐኪም ያየውን ይናገራል፦ ጠርዙ እዚህ ጋ ክፍት ነው፣ ይህ ሥር አልተሞላም፣ ይህ ግን ደህና ነው።

ንግግርም ሁለተኛ ምክርም ካልፈቱት ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል። መጀመሪያ ለክሊኒኩ ወይም ለሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለጋሞ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዚያም ለክልሉ ጤና ቢሮ። ደብዳቤው ስድብ አያስፈልገውም፤ ቀን፣ የተደረገው ነገር፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የተነገረው መልስ፣ የተያያዘው ማስረጃ ይበቃዋል። ቅሬታው ተቀባይነት ቢያገኝም ባያገኝም ተቋሙ መዝገቡን እንዲያወጣ ያደርጋል።

የጥርሱ ችግር በአርባ ምንጭ የማይፈታ ሆኖ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ሦስት ነገሮችን ሳይዝ አይነሣ፦ ጥርሱ ከመሞረዱ በፊትና በኋላ የተነሡትን ራጆች፣ የካርዱን ቅጂ፣ ደረሰኙን። ክራውኑ ወልቆ ከሆነ እሱንም ይያዝ። በቤት ሙጫ መልሶ ማጣበቅ ድዱንና ነርቩን ስለሚመርዝ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ተኝቶ እንዳይውጠው ወይም ወደ ሳንባው እንዳይገባ ደግሞ ላላ ያለ ክራውን በአፍ ይዞ ማደር አደገኛ ነው። አጥቦ በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጠው። ከሥሩ ያለው ጥርስ ካልበሰበሰና ካልተሰበረ ያው ክራውን ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል፤ ባይችል እንኳ በውስጡ የቀረው ሲሚንቶና የጠርዙ ሁኔታ ለምን እንደወለቀ ለሚቀጥለው ሐኪም ያሳዩታል።